አሮጌውን ላንድሮቨር በአዲስ ሽቦ

ከመሥሪያ ቤት ሰዓት ውጭ ያለውን ጊዜ አሮጌ መኪና በማደስ የሚያሳልፍ ሰው በየቢሮው አይጠፋም። ከነዚህ አንዱ የሆነ ባልደረባችን በሐራጅ የገዛውን ላንድሮቨር ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያድስ ቆየ። ሞተሩ ተፈታ፥ ተገጠመ፤ ፍሬኑ ታደሰ፤ ቀለሙም ተቀባ። ዳሩ ግን በመጀመሪያው የሌሊት ጉዞ ከመሪው በታች ጢስ ወጣ። ባትሪውን ፈጥኖ በመንቀሉ እርሱም መኪናውም ተረፉ። ነገሩ ሲመረመር፥ ሁሉን ያሳደሰው ሰው ሽቦውን ብቻ «ገና ይሠራል» ብሎ እንደ ነበረ ትቶታል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን የአሮጌ መኪና ሽቦ ለምን ሙሉ በሙሉ መለወጥ እንዳለበትና ሥራውም በምን ሥርዓት እንደሚከናወን ይሆናል።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 30 ኤፕሪል 1948) በአምስተርዳም የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፥ ፋብሪካው ሻንሲውን ከብረት፥ ውጫዊ አካሉን ግን ከአሉሚኒየም ቅልቅል ሠራው። ይህ መኪና በአገራችንም መንገድ በሌለበት ገጠር ለብዙ ዘመን ያገለገለ በመሆኑ ለአድማጮቻችን እንግዳ አይደለም። የዚህ ዝርያ የመጨረሻው መኪና ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዩሪ 2016 ቢሆንም፥ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ያስቆጠሩት ዛሬም በባለቤቶቻቸው እጅ ይታደሳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። ኤሌክትሪክ እንደ መልእክተኛ ነው፤ የሄደበትን ፈጽሞ ወደ ላከው መመለስ አለበት። ከባትሪው ወጥቶ በሽቦ ወደ መብራቱ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን ሌላ ሽቦ ሳያስፈልገው በመኪናው ብረት በኩል ይመለሳል። የመሄጃውን ሽቦ ሁሉም ያየዋል፤ የመመለሻውን መንገድ ግን ብዙ ሰው አያስበውም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላላሉ፤ በአሉሚኒየሙ ላይ የሚፈጠረውም ነጭ ዱቄት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የፊት መብራቱ በአሉሚኒየም ፓራፋንጎ ላይ በተገጠመበት መኪና፥ የመመለሻው መንገድ ቀስ በቀስ ይዘጋል ማለት ነው።

ይህንን በቁጥር እንመልከተው። እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች በ12 ቮልት 10 አምፔር ያህል ይስባሉ። በመንገዱ ላይ ባለ አንድ የዛገ መጋጠሚያ 0.2 ኦም ብቻ የሚሆን እንቅፋት ቢኖር፥ 2 ቮልት ያህል እዚያው ይቀራል፤ 20 ዋት የሚጠጋ ኃይልም በዚያች ትንሽ ቦታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። አምፖሎቹ በ10 ቮልት ሲሠሩ ብርሃናቸው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ባለ መኪናው ግን «አምፖሉ ደክሟል» ብሎ አምፖል ይለውጣል፤ መጋጠሚያውም መጋሉን ይቀጥላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሣ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ሞተሩ ደግሞ በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ፥ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የተጎነጎነ ገመድ ያስፈልገዋል። ይህ ገመድ ቢበጠስ ወይም በእድሳት ጊዜ ቢረሳ፥ ያ ሁሉ ኃይል ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜም የሚያገኘው ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ የሚሳበውን፥ እስከ ካርቡራቶር የሚዘልቀውን ቀጭን የብረት ገመድ ነው። ይህ ገመድ ግሎ እስኪቀላ ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ አጠገቡ ደግሞ ቤንዚን አለ።

ፊውዝስ አይከላከልም ወይ? የሚል አድማጭ ይኖራል። ፊውዝ የሚጠብቀው ከርሱ ወዲያ ያለውን ሽቦ ብቻ ነው። በነዚህ አሮጌ መኪናዎች ላይ ፊውዞቹ ጥቂት ነበሩ፤ የፊት መብራቶቹም ብዙ ጊዜ ያለ ፊውዝ ይሠሩ ነበር። የባልደረባችንን መኪና ለእሳት ያጋለጠውም ይኸው ነው፤ በጨርቅና በጎማ የተለበጠው የመብራት ሽቦ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ልባሱ ተበልቶ ብረቱን ነካ፤ የሚያቋርጠውም ፊውዝ አልነበረም።

እንግዲህ ሥራው እንዴት ይከናወናል? አስቀድሞ ባትሪው ይነቀላል። ቀጥሎም ሥራው ከመዝገብ ቤት ሥራ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ፋይል ያለ ቁጥር ከመደርደሪያው እንደማይወርድ ሁሉ፥ ሽቦም ያለ ምልክት ከቦታው መነቀል የለበትም። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈበት ወረቀት ይታሰራል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። አሮጌው የሽቦ እስር ሳይቆራረጥ ወጥቶ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ አዲሱም በርሱ ልክ ይሠራል።

የሽቦው ቀለም ራሱ እንደ ፋይል ቁጥር ነው። በእንግሊዝ መኪናዎች ልማድ ቡናማው ምንጊዜም ከባትሪ ኃይል ያለበት ነው፤ ነጩ ቁልፍ ሲዞር ኃይል ያገኛል፤ አረንጓዴው ከቁልፍ በኋላ በፊውዝ ያለፈ ነው፤ ሰማያዊው የፊት መብራት፥ ቀዩ የጎንና የኋላ መብራት፥ ጥቁሩ የመመለሻ ነው። አዳሹ ይህንን ሥርዓት ትቶ በእጁ ባገኘው ቀለም ቢሠራ፥ ነገ በሌሊት መንገድ ላይ ብልሽት የሚፈልገው ሰው፥ ምናልባትም ራሱ፥ ይቸገራል።

አንድ ነገር በተለይ ይታወስ። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ገደማ በተሠሩት ላንድሮቨሮች ላይ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፤ በኋላ ግን ኔጋቲቩ ሆነ። ይህንን ሳያረጋግጥ በዲናሞው ፈንታ አልተርናተር የሚገጥም ሰው ዕቃውን በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል።

አዲሱ ሽቦ ሲዘረጋ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይገባል፤ የመመለሻ መጋጠሚያው ሥር ያለው ቀለምና ዝገት ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳል፤ ለፊት መብራቶቹም ፊውዝ ይጨመራል። በመጨረሻም ባትሪው ወዲያው በሙሉ አይታሰርም፤ በመካከል አነስተኛ ፊውዝ ገብቶ መብራቱም፥ ጥሩምባውም፥ ፍሬቻውም አንድ በአንድ ይፈተናሉ። ፊውዙ ቢቃጠል ስሕተቱ የተገኘው በሳንቲም ዋጋ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ባልደረባችን ከዚያች ሌሊት በኋላ ቀለም የተቀባውን መኪና እንደ ገና ፈትቶ፥ አራት ወር ወስዶ ሽቦውን በሙሉ ለወጠ። ዛሬ ቤተሰቡን አሳፍሮ በጨለማ ሲጓዝ የሚተማመነው በሚያብረቀርቀው ቀለም ሳይሆን፥ ማንም በማያየው በዚያ ሽቦ ነው። ሥራ የሚመዘነው ከውጭ በሚታየው ብቻ አለመሆኑን ይህ አሮጌ መኪና ያስተምረናል።