አደራና ዕውቀት፦ በዕፅ ዝውውር በሞት ስለሚቀጡ ተጓዦች



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ የአንድ አዛውንት ጥያቄ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ ትውልድ ስፍራዬ ወደ መርጡለ ማርያም ሄጄ ሳለ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ ሕግ ታስተምር የለም? ሳዑዲ የታሠረ ሰው በደም ካሳ አይፈታም? ከብቱን ሸጠን እንክፈል» አሉኝ። የእኅታቸው ልጅ በየመን ድንበር ሐሺሽ ተሸክሞ ተይዞ ነበር።

የሽማግሌው ጥያቄ ከንቱ አልነበረም። በሳዑዲ ሕግ ሰው የገደለ ሰው ጉዳይ ቂሳስ ስለሚባል፣ የሟች ወራሾች ይቅር ሊሉ ወይም ካሳ ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ይህ ከእኛ አገር እርቅ ብዙም የራቀ አይደለም። የዕፅ ወንጀል ግን ታዕዚር ከሚባለው፣ ቅጣቱ ለዳኛው ሥልጣን ከተተወው ክፍል ውስጥ ይገባል። የ2005ቱ የሳዑዲ የዕፅ መቆጣጠሪያ ሕግ በአንቀጽ 37 ዕፅ ወደ አገር ማስገባትን በሞት ያስቀጣል። በዚህ ወንጀል ሟች የለም፤ ሟች ከሌለ ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ የሚለመን ወራሽ የለም። ነፍስ ያጠፋ ሰው ያለው የመዳኛ በር ነፍስ ላላጠፋው ዝግ ነው። ሕግ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚህ ያለ ተገላቢጦሽ ብዙ አላጋጠመኝም።

ሳዑዲ ዐረቢያ በዕፅ ምክንያት የምትፈጽመውን የሞት ቅጣት ለጥቂት ጊዜ አቁማ ነበር፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ግን እንደገና ጀመረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደዘገበው ከጥር 2014 እስከ ሰኔ 2025 (ሁሉም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በዕፅ ወንጀል 597 ሰዎች የተገደሉ ሲሆን፣ ከአራቱ ሦስት ያህሉ የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በናጅራን በአንድ ቀን ብቻ ሐሺሽ በማስገባት የተፈረደባቸው ሦስት ኢትዮጵያውያንና አራት ሶማሊያውያን ተቀጥተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 57 እና በተከታዮቹ አስቦ ወይም ሕግ በሚያስቀጣ ቸልተኝነት ካላጠፋ በቀር ማንም ሰው በወንጀል አይቀጣም ይላል። ስለዚህ ዕፅ ተሸክሞ የተገኘን ሰው በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ?» ብለን ነው። ተጓዦቻችን የሚጠፉትም በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

የሲንጋፖርን ሕግ እንመልከት። ከ15 ግራም በላይ ሄሮይን ማዘዋወር በሞት ያስቀጣል፤ ይህም ከአራት የሻይ ማንኪያ ስኳር የማይበልጥ ክብደት ነው። ከመጠኑ ማነስ ይልቅ ሊያስደነግጠን የሚገባው ግን የሕግ ግምቱ ነው። ዕፅ ያለበትን ዕቃ የያዘ ሰው ዕፁን እንደያዘ፣ ምንነቱንም እንደሚያውቅ ይገመታል፤ የማስረዳት ሸክሙም ወደ ተከሳሹ ይዞራል። በቻይና የወንጀል ሕግ አንቀጽ 347 መሠረት 50 ግራም ሄሮይን ለሞት ፍርድ በር ሲከፍት፣ የአገሪቱ የፍትሕ አካላት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ደግሞ እንደ አደባበቁ ያሉ ሁኔታዎች ታይተው፣ ተከሳሹ መታለሉን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ በቀር እንዳወቀ ይቆጠራል። አለማወቅን በምን ማስረጃ ማስረዳት ይቻላል?

ይህ ከእኛ ባህል ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እየተባልን ነው ያደግነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው በተሰማ ቁጥር በርበሬው፣ ሽሮው፣ ታሽጎ የመጣው ጥቅል ሁሉ በሻንጣው ይሞላል፤ ጥቅሉን እንፍታው ማለት ደግሞ ላኪውን ሌባ እንደማለት ይቆጠራል። እኔም ወደ ውጭ በተጓዝኩባቸው ጊዜያት ያልከፈትኳቸውን ጥቅሎች ማድረሴን ልሸሽጋችሁ አልችልም። በ2011 ዓ.ም. በቻይና ጓንዡ ከተማ በሻምፖ ጠርሙሶች ውስጥ ኮኬይን ይዛ ተገኘች የተባለች ወገናችን ጉዳይ አዲስ አበባን ሲያነጋግር፣ ብዙ ሰው የራሱን ሻንጣ አስታውሶ ነው የደነገጠው። እኛ አደራውን አለመፍታትን ታማኝነት ስንለው፣ የሩቁ ዳኛ ሊነግሩት ያልፈለጉት ምስጢር አድርጎ ያየዋል።

በእግር የሚሻገሩት ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል። በጅቡቲ ወይም በቦሳሶ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ የመን የደረሰ፣ ገንዘቡ ያለቀበት ወጣት፣ የመሻገሪያ ዋጋውን በጀርባው ሸክም እንዲከፍል ይደረጋል። ይህ ልጅ የተሸከመውን ላያውቅ ይችላል፤ ቢያውቅ እንኳ እምቢ የማለት አቅሙ ምን ያህል ነው? የወንጀል ሕጋችን መገደድን ከግምት ያስገባል። ለታዕዚር ዳኛ ግን ይህን በዐረብኛ፣ በአስተርጓሚና በጠበቃ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 6 የሞት ቅጣትን «እጅግ ከባድ ለሆኑ ወንጀሎች» ብቻ ይፈቅዳል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም በ2018 እ.ኤ.አ. ይህ ሐረግ ሆን ብሎ ሰው መግደልን እንጂ የዕፅ ወንጀልን እንደማያካትት አስረድቷል። እኛም በአንቀጽ 525 የዕፅ ንግድን በጽኑ እሥራትና በመቀጮ እንጂ በሞት አንቀጣም። ነገር ግን ሳዑዲ ዐረቢያ ቃል ኪዳኑን አልተቀበለችም፤ ቻይና ፈርማ አላጸደቀችውም። ክርክሩ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ጠንካራ ነው፤ እሥር ቤት ላለው ልጅ የሚሰጠው ጥቅም ግን ትንሽ ነው።

ይልቅስ የቆንስላው ነገር ይሻላል። የ1963ቱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 የታሠረ የውጭ አገር ዜጋ ቆንስላው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ የዓለም ፍርድ ቤትም በ2004 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮና በአሜሪካ መካከል በሰጠው ፍርድ የመብቱን ክብደት አጽንቷል። መብቱ የሚጠቅመው ግን ቃል ከመስጠትና ከመፈረም በፊት ከተነሣ ነው፤ አንዴ የተፈረመ ቃል ይግባኙንም ይከተላል።

ለሽማግሌው የደም ካሳ እንደማይሠራ ነገርኳቸው፤ ቅጣቱ ሳይፈጸም የንጉሡ ትእዛዝ ስለሚያስፈልግ አቤቱታ ግን ሊቀርብ እንደሚችል አከልኩላቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ታዲያ ልጁ ምን ብሎ እንደፈረመ ማን ያነብልናል?» አሉኝ። መዝገቡ የሚጻፍበት ቋንቋ ዐረብኛ ነው፤ ልጁ አንዲት ፊደል አያውቅም።

ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።