ህልም መሆኑን እያወቅን የምናየው ህልም

 

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ስለ ህልም ጥያቄ የማይደርሰን ሳምንት የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሰሞኑን ከደረሱን መካከል ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በማራኪ ግቢ የሚማር አንድ ወጣት በህልሙ ከፋሲል ግንብ አጠገብ ቆሞ ሳለ «ይህ እኮ ህልም ነው» ብሎ ማወቁን፣ ሆኖም ድንጋዩን ሲነካው ቀዝቃዛና ሻካራ እንደነበር፣ ሲነቃም የተኛበት ክፍል ከህልሙ ይልቅ ደብዝዞ እንደታየው ጽፎልናል። ከአዲስ ዓለም አንዲት እናት ደግሞ ጎረቤታቸው ከደጃቸው ሥር አንድ ነገር ሲቀብሩ አይተዋል። «ህልም መሆኑን እያወቅኩ ነው ያየሁት፤ ከእውኑ በምንም አይለይም ነበር። ታዲያ እንዴት ውሸት ይሆናል?» ይላሉ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከጎረቤታቸው ጋር ቡና መጠጣት ትተዋል።

የሁለቱም ጥያቄ ሥሩ አንድ ነው። እንደ እውን ጎልቶ የታየ ነገር ሁሉ እውነት ነውን?

በመጀመሪያ ነገሩ እንግዳ አለመሆኑን እንወቅ። ቀደምት ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሥራ ከመቶ ሰዎች 55 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ህልም መሆኑን እያወቁ እንዳለሙ ይገምታል። ብዙ ተመራማሪዎች ግን «የተኛ ሰው እንዴት መተኛቱን ያውቃል?» በማለት ይህን ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም ነበር። ማስረጃው የተገኘው ከዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሰሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች የተኛ ሰው ዓይኖች በየተወሰነ ጊዜ ከቆባቸው ሥር በፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ አስታወቁ። ጎላ ያሉ ህልሞች በአብዛኛው የሚታዩት በዚህ የእንቅልፍ ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ የሰውነት ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ የዓይንና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ግን ይሠራሉ።

ኪት ሄርን የተባለ እንግሊዛዊ ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ሰው በህልሙ ውስጥ ህልም መሆኑን ሲያውቅ ዓይኑን በተስማሙበት መንገድ ግራና ቀኝ እንዲያንቀሳቅስ አደረገ። ሰውየው ተኝቶ ሳለ ምልክቱ በመሣሪያ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በአራት ሀገሮች የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ36 ሰዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ አንዳንዶቹ በህልም ውስጥ እያሉ ቀላል የመቀነስ ጥያቄ ቀርቦላቸው በዓይን እንቅስቃሴ በትክክል መልሰዋል። ብዙዎቹ ሙከራዎች ግን መልስ አላገኙም።

ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2018 ላበርጅና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ነው። ነቅተን ሳለ ቀስ ብሎ የሚሄድን አውራ ጣት ስንከተል ዓይናችን ያለ ማቋረጥ ይንሸራተታል። ዓይናችንን ጨፍነን ጣቱን በሐሳባችን ብቻ ስንከተለው ግን ዓይናችን እየዘለለ ይሄዳል። ህልም መሆኑን እያወቀ በህልሙ ጣቱን የተከተለ ሰው ዓይንስ? እንደ ነቃ ሰው ዓይን ተንሸራተተ። ስለዚህ እናታችን «ከእውኑ አይለይም» ማለታቸው ቅዠት ወይም ውሸት አይደለም። አላህ ለማየት የፈጠረልን የአንጎል ክፍል በህልምም ይሠራል። ያኔ ሥራውን የሚሠራው ከውጭ ብርሃን ሳይቀበል፣ በውስጥ ካጠራቀመው ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ልዩነቱ በመጽናቱ ላይ ነው። በህልም ያነበቡት ጽሑፍ ዞር ብለው ደግመው ሲያነቡት ብዙ ጊዜ ተለውጦ ይገኛል። ቤቱ ሌላ ቤት፣ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። የፋሲል ግንብ ግን ተማሪያችን ቢተኛም ቢነቃም በቦታው አለ፤ ሌላ ሰው ሄዶ ቢነካውም ያንኑ ድንጋይ ያገኛል። የህልሙን ግንብ ከእርሱ በቀር የሚመሰክርለት የለም።

ህልም የሚጎላበት ጊዜም የራሱ ምክንያት አለው። ያ ዓይን የሚንቀሳቀስበት እንቅልፍ በሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ ይረዝማል። በዚያ ሰዓት ነቅቶ ቆይቶ መልሶ የሚተኛ ሰው ህልም መሆኑን እያወቀ የማለም ዕድሉ ከፍ ይላል። በረመዳን ሱሑር በልተንና ፈጅር ሰግደን ጋደም ስንል ህልማችን የሚደምቀው አንድም በዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። መድኃኒትም ያጎላዋል፤ በሀገራችን ለኤች አይ ቪ ሕሙማን በስፋት ይሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝ በጎላ ህልም ይታወቃል። ጫት የለመደ ሰው ሲያቋርጥ የሚያስጨንቅ ህልም ያያል፤ ይህንንም «ዱካክ» ይሉታል። አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ሳይፈታ ሲቀር የሚሰማውን፣ ደረት ላይ አንዳች ነገር የተቀመጠ የሚመስለውንም በዚሁ ስም የሚጠሩት አሉ። እነዚህ ሁሉ ጎልተው ይታያሉ፤ መጉላታቸው ግን ከሩቅ መልእክት አመጡ ማለት አይደለም።

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ያነሡ ዑለማዎች አሉ። በ505 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አል ገዛሊ ስለ ራሳቸው ሕይወት በጻፉት «አል ሙንቂዝ» በተባለው ኪታባቸው፣ ሰው በህልሙ ያየውን ሁሉ ያለ ጥርጥር አምኖ ሲነቃ መሠረት እንደሌለው እንደሚያውቅ ያስታውሱናል። በእውን የምናምነውንስ በምን እናረጋግጣለን ብለው ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ በጥርጣሬ ተጨንቀዋል፤ ከዚያ ያወጣቸው አላህ በልባቸው የጣለው ብርሃን መሆኑን ይናገራሉ። ከታሪካቸው የምንማረው ነገር አለ፤ «በጣም እርግጠኛ ነበርኩ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የሸሪዓው ሚዛንም ይህንኑ ያጸናል። የነብያት ህልም ወሕይ ነው። የእኛን ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሦስት ከፍለውታል፦ ከአላህ የሆነ ብሥራት፣ ከሸይጧን የሆነ ማስጨነቂያ፣ ሰው ከራሱ ጋር የሚነጋገረው። በክፍፍሉ ውስጥ ህልሙ መጉላቱና መደብዘዙ መለያ ሆኖ አልቀረበም። በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አን-ነወዊም በህልም በተሰማ ነገር የጸና የሸሪዓ ሕግ እንደማይለወጥ ገልጸዋል፤ ዘጋቢ ንቁና ጠንቃቃ መሆን ሲኖርበት የተኛ ሰው በዚያ ሁኔታ ላይ ስላልሆነ ነው። ለሕግ ያልበቃ ህልም ጎረቤትን ለመክሰስ እንዴት ይበቃል?

እናታችን ሆይ! ህልም መሆኑን ማወቅዎ ህልሙን እውነት አያደርገውም። እንዲያውም የሚያውቅ ሰው አንዳንድ ጊዜ ህልሙን ወደፈለገው ሊመራው ስለሚችል፣ የራሱ ሐሳብና ሥጋት ይበልጥ ይገባበታል። በልብዎ ቀድሞ ቅያሜ ነበረ እንደሆነ ህልሙ ያንን መልሶ አሳይቶዎት ይሆናል። አላህ ብዙውን ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል። እንግዲህ ዛሬውኑ ለጎረቤትዎ ሰላምታ ያቅርቡ፤ ህልሙንም አይንገሯቸው፤ ለሌላም ሰው አያውሩት።

ክፉ ህልም ያየ ሰው ማድረግ ያለበትን ነብያችን አስተምረውናል። ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ ይበል፣ ከሸይጧን በአላህ ይጠበቅ፣ ጎኑን ይቀይር፣ ለማንም አይናገር፤ ቢሻው ተነሥቶ ይስገድ። በጎ ህልም ያየ አላህን ያመስግን፣ ለሚወደውም ሰው ብቻ ይንገር። ያላየውን «አየሁ» ማለት ግን ከባድ ወንጀል ነው።

ለተማሪው ወንድማችንም ምክር አለን። ህልሙን እንደ አላህ ተዓምር ተመልክተህ ማመስገንህ መልካም ነው። እንዲህ ያለውን ህልም ለመደጋገም ብለህ ሌሊቱን እየቆራረጥክ እንቅልፍህን አትጉዳ፤ ትምህርትህንም ፈጅርህንም ያሳጣሃል። ህልሙ እየደጋገመ የሚያስፈራህ፣ ወይም ቀን ላይ እውኑን ከህልሙ መለየት የሚያስቸግርህ ከሆነ ግን ሳታፍር ሐኪም አማክር። መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

አላህ በእንቅልፋችንም በንቃታችንም ይጠብቀን፤ በጎረቤቶቻችን መካከል ፍቅርን ያጽና። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።