መሳሪያ መታጠቅ መብት ነው ወይስ ፈቃድ? ከጨለለቂ ሆነን ስናየው

ጨለለቂ ላይ ማታ ቡና ተፈልቶ ሰው ሰብሰብ ካለ ወሬው ዞሮ ዞሮ መሳሪያ ጋ ይደርሳል። አንዱ "እኔ ራሴን ካልጠበቅኩ ማን ይደርስልኛል?" ይላል። ሌላው "መሳሪያ ስለበዛ እኮ ነው ሰው የሚያልቀው" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ወለጋ ውስጥ ሁለቱም ዘመድ ከቀበረ ሰው አፍ የሚወጣ ቃል ነው።

ዛሬ ህጉ ምን እንደሚል፣ ክርክሩ የት ላይ እንደሚጋጭና እናንተ ምን ማወቅ እንዳለባችሁ እናያለን።

👉 ህገ መንግስቱ ስለ መሳሪያ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ህገ መንግስት ውስጥ "ዜጋ መሳሪያ የመታጠቅ መብት አለው" የሚል አንቀጽ የለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1791 የገባው ሁለተኛው ማሻሻያ ይህን እንደ መብት ያስቀምጠዋል። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። የእኛ ህገ መንግስት የሚጠብቀው በህይወት የመኖርን፣ የአካል ደህንነትንና የነጻነትን መብት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚቀላቅላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ራስን የመከላከል መብት ነው። ይሄ አለ፤ የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 78 ህጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ሊገድልህ የመጣን ሰው ሌላ መውጫ ሳይኖርህ፣ ከልክ ሳታልፍ ብትከላከል ወንጀለኛ አይደለህም። ሁለተኛው መሳሪያ ይዞ የመገኘት ጉዳይ ነው። ይሄ ፈቃድ ነው። "ለራሴ መከላከያ ነው የገዛሁት" ማለት ፈቃድ የሌለውን ክላሽ ህጋዊ አያደርገውም።

👉 የመሳሪያ አዋጁ ምን አመጣ?

ፓርላማው አዋጅ ቁጥር 1177ን ያጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ጉዳዩ በአብዛኛው በተበታተኑ ደንቦችና በወንጀል ህጉ አንቀጾች ነበር የሚታየው። አዋጁ ያለ ፈቃድ መሳሪያ መያዝን፣ መሸጥን፣ ማዘዋወርን ይከለክላል። አንድ ግለሰብ ሊይዝ የሚችለውን የመሳሪያ ዓይነትና ብዛት ይገድባል፣ የእድሜ ገደብም ያስቀምጣል። ፈቃድ ያለው ሰው ራሱ ህዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች መሳሪያ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። ቁጥጥሩን ለፌደራል ፖሊስ ሰጥቷል። መሳሪያ መያዝ ባህል በሆነባቸው አካባቢዎች ቀድሞ የታጠቁ ሰዎች እንዲያስመዘግቡና ፈቃድ እንዲያወጡም መንገድ ከፍቷል።

ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ አዋጁ ሲወጣ ወለጋ በምን ሁኔታ ውስጥ ነበረች የሚለው ነው።

👉 ወለጋ ላይ ለምን ከበደ?

መሳሪያ ለዚህ አካባቢ ሰው የትናንት ነገር አይደለም። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉ የጣልያን አውሮፕላኖችን አርበኞች አጥቅተው ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ መኮንኖቹን ገድለዋል። ብዙ ሽማግሌዎች ጠመንጃን ከክብርና አገር ከመጠበቅ ጋር የሚያያይዙት በምክንያት ነው።

የአሁኑ ታሪክ ግን ሌላ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. ኦነግ ከአስመራ ሲመለስ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ትጥቅ መፍታት ላይ ነበር። ማን ይፈታል? መቼ? ከፈታ በኋላ ዋስትናው ምንድን ነው? ይሄ ሳይመለስ ቀረ፤ ታጣቂው ክንፍ ተለይቶ ወጣ። ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሰራዊት ይላል፣ መንግስት ደግሞ "ሸኔ" ይለዋል፤ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ፓርላማው በሽብርተኝነት ፈርጆታል።

በመሃል የተጎዳው ሰላማዊው ሰው ነው። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ ላይ ሰዎች ትምህርት ቤት ግቢ ተሰብስበው ተገደሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 54 አስከሬን መገኘቱን ገልጿል፤ ከጥቃቱ የተረፉት ደግሞ የመከላከያ ሰራዊቱ ከአካባቢው በድንገት ከወጣ በኋላ የሆነ ነው ብለዋል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ተገደሉ። መንግስት በሁለቱም ታጣቂ ቡድኑን ሲከስ ቡድኑ አስተባብሏል። በምስራቅ ወለጋ ኪራሙና ጊዳ አያና ደግሞ የአማራ ታጣቂዎች ባደረሱት ጥቃት ኦሮሞዎች ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ ያየ ሰው ምን ብሎ ያስባል? አማራውም ኦሮሞውም "መሳሪያ ቢኖረኝ ኖሮ" ይላል። የአንዱ መታጠቅ ደግሞ ለጎረቤቱ ስጋት ይሆናል፤ እሱም ይገዛል። ማንም ጥቃት ለማድረስ ሳያስብ መንደሩ በሙሉ ታጥቆ ይገኛል። ከዚያ በኋላ አንድ የድንበር ወይም የከብት ጸብ ይበቃል።

👉 "አገር ደህንነት" ሲባልስ?

መንግስት "ህገወጥ መሳሪያ እሰበስባለሁ" ማለቱ ስራው ነው። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 26 ቤትህ፣ አካልህና ንብረትህ በዘፈቀደ እንዳይፈተሽ ይከላከላል። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ (የመጓጓዣው ጊዜ ሳይቆጠር) ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አንዳንድ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ፤ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በዚያን ጊዜም አይታገድም።

ለደህንነት ተብሎ የሚወሰድ እርምጃ ማንን እንደሚነካ ወለጋ በደንብ ታውቃለች። አዋጁ በወጣበት በ2012 ዓ.ም. ምዕራብ ወለጋና አካባቢው ለወራት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦበት ነበር። ታጣቂውን ለመያዝ የተዘጋ ስልክ ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ እንዳትጠራም ይዘጋል።

👉 ሌላው አገር እንዴት አደረገው?

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው በአንድ ታጣቂ ከተገደለ በኋላ ህጉን አጠበቀች። መንግስት ከህዝቡ ከ600 ሺህ በላይ መሳሪያ ከፍሎ ሰበሰበ። ሰዎች የሰጡት ግን ክፍያ ስላገኙ ብቻ አልነበረም። ስልክ ሲደውሉ ፖሊስ እንደሚመጣ ያውቃሉ። እኛ ጋ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው የሚጎድለው። ማታ ላይ ጠርቶ የሚደርስለት የሌለውን ገበሬ "መሳሪያህን አምጣ" ማለት ደህንነቱን ውሰድ እንጂ ደህንነት እንካ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት እኩልነት ነው። የአንዱ ቀበሌ ሚሊሻ ታጥቆ፣ የጎረቤቱ ቀበሌ ከተፈታ ህጉ ወገን የያዘ ይመስላል። ለጋቻና ሲርናም ሆነ ለሌላው የታጠቀ አካል ማን እንዳስታጠቀው፣ ስንት መሳሪያ እንደያዘና ቢያጠፋ ማን እንደሚጠይቀው በግልጽ መታወቅ አለበት።

👉 እናንተ ምን ልብ በሉ?

1. ክላሽ ወይም ሽጉጥ ይዞ ፎቶ ተነስቶ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ቀልድ አይደለም። የጓደኛ ቢሆንም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባችሁ ይችላል።

2. "ፈቃድ አለው" ተብሎ የሚሸጥላችሁን መሳሪያ አትመኑ። ፈቃድ የሚሰጠው ፖሊስ እንጂ ሻጭ አይደለም።

3. ፍተሻ ሲመጣ አትጨቃጨቁ፣ አትሩጡ። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ መኖሩን በትህትና ጠይቁ። ሰው ከተያዘባችሁ የት እንደተወሰደና ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጻፉ፤ 48 ሰዓቱ ከዚያ ነው የሚቆጠረው።

4. "እነ እገሌ ታጥቀዋል" የሚል ወሬ በቴሌግራም አታስተላልፉ። እውነት ባይሆን የጠቆማችሁት ሰው ህይወት ነው የሚጠፋው።

ታንዛኒያ ላይ ሚያዝያ 2015 እና ህዳር 2016 ዓ.ም. የተደረጉት ሁለት ዙር ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበተኑ። ህዳር 2017 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ከቡድኑ ከተለየ አንድ ክንፍ ጋር ስምምነት ፈርሟል፤ ዋናው ቡድን ግን ውስጡ የለም። ስለዚህ የጨለለቂው ክርክር ገና አላለቀም። ሁለቱ ተከራካሪዎች ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ማታ በር ዘግተው መተኛት ይፈልጋሉ። መሳሪያ ያለውም ሰው ቢሆን ጎኑ አድርጎ የሚያድረው እንቅልፍ አጥቶ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? መጀመሪያ የቱ ይምጣ፣ ጥበቃው ወይስ ትጥቅ መፍታቱ? ስድብና ብሔር ሳንነካ እንነጋገር።