ሰላይ ሶፍትዌር፦ ምንነቱና የቤት ኮምፒውተርን ከጥቃቱ የመጠበቂያ መንገዶች

የመንግሥት አገልግሎቶች በኦንላይን መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ የቤት ኮምፒውተር የቤተሰቡ የሰነድ ሣጥን እየሆነ መጥቷል። የመታወቂያና የፓስፖርት ቅጂ፣ የግብር ሰነድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃል በአንድ መሣሪያ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ይህን ሣጥን ለአደጋ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ባለቤቱ ሳያውቅ በገዛ እጁ የሚያስገባው ሰላይ ሶፍትዌር ወይም በተለምዶ ስፓይዌር የሚባለው ፕሮግራም ነው።

የሰላይ ሶፍትዌር ምንነት

ሰላይ ሶፍትዌር ያለ ተጠቃሚው እውቅና በኮምፒውተር ላይ ተጭኖ መረጃ የሚሰበስብና በኢንተርኔት አማካኝነት ለሌላ ወገን የሚልክ ፕሮግራም ነው። አንዳንዱ በኪቦርድ የሚጻፈውን እያንዳንዱን ፊደልና ቁጥር ይመዘግባል፤ አንዳንዱ የስክሪኑን ምስል በየጊዜው ያነሳል፤ ሌላው በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ይገለብጣል። ካሜራና ማይክሮፎን የሚከፍትም አለ። ፋይል ከሚያጠፋ ቫይረስ የሚለየው ድምፁን አጥፍቶ ለረጅም ጊዜ ለመቆየት መሠራቱ ነው። በመሆኑም ኮምፒውተሩ ያለ ችግር መሥራቱ ብቻውን ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ወደ ኮምፒውተር የሚገባባቸው መንገዶች

አንዱ ዋነኛ መንገድ ፈቃድ ሳይኖራቸው ተሰብረው የሚሠራጩ ወይም “ክራክ” የተደረጉ ፕሮግራሞች ናቸው። እነዚህን ለመጫን ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱን ማጥፋት ይጠየቃል፤ ይህም ጠባቂውን አሰናብቶ እንግዳውን እንደ ማስገባት ነው። ከዚህ ሌላ የክፍያ ደረሰኝ ወይም የሥራ ማስታወቂያ መስለው በኢሜይልና በቴሌግራም የሚላኩ ፋይሎች፣ “ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል” እያሉ ድንገት ብቅ የሚሉ የሐሰት ማስጠንቀቂያዎች፣ ምንጫቸው ያልታወቀ የብራውዘር ተጨማሪዎች እንዲሁም ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩ ፍላሾች መግቢያ በር ይሆናሉ።

ሊስተዋሉ የሚችሉ ምልክቶች

የኮምፒውተሩ ፍጥነት ያለ ምክንያት መቀነስ፣ የብራውዘሩ መነሻ ገጽ በራሱ መለወጥ፣ የኢንተርኔት ጥቅል ከተለመደው ቀድሞ ማለቅ፣ ካሜራው ጥቅም ላይ ሳይውል መብራቱ መብራትና አንቲቫይረሱ በራሱ መጥፋት ለጥርጣሬ በቂ ናቸው። ሆኖም ምንም ምልክት የማያሳይ ሰላይ ሶፍትዌርም ስላለ ዋናው ጥበቃ ቅድመ መከላከል ነው።

የመከላከያ እርምጃዎች

1. ስርዓተ ክወናውንና ብራውዘሩን በወቅቱ ማዘመን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቋረጠ በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ይመከራል።

2. አንቲቫይረስን ዘወትር እንደበራ ማቆየት። ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም።

3. ፕሮግራሞችን ከአምራቹ ሕጋዊ ገጽ ብቻ ማውረድ፤ በሚጫኑበት ጊዜም የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ሳያነቡ አለመቀበል።

4. ፍላሽ ከመክፈት በፊት በአንቲቫይረስ መፈተሽ።

5. ለዕለት ተዕለት ሥራና ለልጆች የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው አካውንት መጠቀም። በዚህ አካውንት ብዙ ፕሮግራሞችን ያለ አስተዳዳሪው የይለፍ ቃል መጫን አይቻልም።

6. በኢሜይልና በባንክ አካውንቶች ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት።

7. የጠቃሚ ሰነዶችን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሌላ ማከማቻ ላይ መያዝ።

ጥርጣሬ ሲፈጠር

በቅድሚያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ማላቀቅና ምንም ዓይነት የይለፍ ቃል አለማስገባት ያስፈልጋል። ብዙዎች ተደናግጠው የይለፍ ቃላቸውን በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀይራሉ፤ ይህ ግን አዲሱንም ቁልፍ ለሰላዩ ማስረከብ ነው። ለውጡ መደረግ ያለበት ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ሲሆን፣ የሌሎች አካውንቶች የይለፍ ቃል የሚታደሰው አብዛኛውን ጊዜ በኢሜይል በኩል ስለሆነ ከኢሜይል መጀመር ይገባል። በዚያው አጋጣሚ “ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ” የሚለውን አማራጭ መጠቀም፣ የባንክ መረጃ ተጋልጦ ከሆነም ለባንኩ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከዚያም ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ ሙሉ በሙሉ መፈተሽ፣ ችግሩ ካልተወገደ ሰነዶችን ገልብጦ ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ ማስጫን ተገቢ ነው። የተገለበጡት ሰነዶችም ተመልሰው ከመከፈታቸው በፊት መፈተሽ አለባቸው።

የሌላውን ሰው ኮምፒውተር ያለ ፈቃድ መድረስና የሚተላለፍ መረጃን መጥለፍ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተከለከለ ወንጀል ነው። ስለሆነም ጉዳት የደረሰበት ዜጋ ማስረጃው ከመጥፋቱ በፊት የታዩትን መልእክቶች ፎቶ አንስቶና ቀኑን መዝግቦ ለፖሊስ ሊያመለክት ይችላል።