በሲኮች ዘንድ የሕፃንነት በዓል ትዝታ

ከሕፃንነት ዘመናችሁ የማትረሱት አንድ በዓል ሳይኖራችሁ አይቀርም። አንዳንዱ የደመራን ነበልባል፥ አንዳንዱም የዒድን ማለዳ ያስታውሳል። ዛሬ የምንነግራችሁ በፑንጃብ አገር የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች በልጅነታቸው አክብረውት እስከ እርጅናቸው ስለሚያስታውሱት በዓል ነው፤ ይኸውም የሃይማኖታቸው መሥራች የጉሩ ናናክ ልደት ነው። ጉሩ ማለት መምህር ማለት ነው።

ጉሩ ናናክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1469 ዓ.ም. ከላሆር በስተ ምዕራብ ታልዋንዲ በምትባል መንደር ተወለዱ። በዓላቸው በልማድ የሚውለው በጥቅምት ወይም በኅዳር፥ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀኖች ምእመናን ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው መዝሙር እየዘመሩ በየመንደሩ ይዞራሉ፤ ልጆችም በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፥ ዓይናቸውን እያሹ ይከተላሉ። በዓሉ ሲቃረብ 1430 ገጽ ያለው ቅዱስ መጽሐፋቸው፥ አንባቢዎች እየተፈራረቁ፥ ሌሊቱንም ቀኑንም ሳይቋረጥ በ48 ሰዓት ያህል ይነበባል።

ይሁን እንጂ ልጅ ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው የተሰጠውን ሥራ ነው። አንዱ ከደጅ የወለቀውን ጫማ ይጠብቃል፤ ሌላው ውሃ ይቀዳል፤ ሌላው ለተቀመጠው ሁሉ ቂጣ ያድላል። ከዚያም በእኩል መጠን ከዱቄት፥ ከቅቤና ከስኳር የተሠራውን ትኩስ ጣፋጭ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀበላል።

ላንጋር የሚባለው የማኅበር ማእድ ታላቅ ትርጉም አለው። በጉሩ ናናክ ዘመን የህንድ ሕዝብ በዘርና በሥራ ተከፋፍሎ፥ ከፍተኛው ከዝቅተኛው ጋር አይበላም ነበር። እርሳቸው ግን ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል መሆኑን ስላስተማሩ፥ የሚበላው ሁሉ በአንድ ረድፍ ከወለል ላይ ይቀመጣል። ዲሬክተሩና ተላላኪው፥ ባለጸጋውና ተሸካሚው ጎን ለጎን ምስር ወጥ ይበላሉ፤ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ እንግዳም አይከለከልም። ይህን ትምህርት ልጁ ከስብከት አስቀድሞ ከወለሉ ላይ ይማረዋል።

በ1947 ዓ.ም. ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት ተከፈለች። ዛሬ ናንካና ሳሂብ የምትባለው የትውልድ መንደራቸውም፥ በ1539 ዓ.ም. ያረፉባት ካርታርፑርም በፓኪስታን በኩል ቀሩ። በዚያ በዓሉን ያከበሩ ልጆች በሌሊት ከወላጆቻቸው ጋር ተሰደው፥ የልጅነታቸውን ደጅ ሳያዩ አረጁ። ካርታርፑር ከወሰኑ የምትርቀው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ከህንድ በኩል ቆመው በሩቅ መነጽር ሲሳለሟት ኖሩ። በኅዳር ወር 2019 ዓ.ም.፥ የጉሩ ናናክ ልደት 550ኛ ዓመት ሲከበር፥ ያለ ቪዛ የሚያሳልፍ መንገድ ተከፈተላቸው። በ2025 ዓ.ም. ግን ሁለቱ መንግሥታት ሲጋጩ ህንድ መንገዱን ዘጋችው።

እንግዲህ አድማጮች ሆይ፤ ወሰን ሰውን ከደጁ ይለየዋል፤ ከትዝታው ግን አይለየውም። እናንተም በሚመጣው በዓል ልጆቻችሁን በአዲስ ልብስ ብቻ አታስጊጧቸው፤ እንግዳ የሚያስተናግዱበት ሥራ ስጧቸው። ሲያረጁ የሚያስታውሱት እርሱን ነውና።