ካላ ሊሊ፦ ለጥቁር አፈር የተመቸች አበባ

«አፈሩ ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አበባ አልይዝ አለን» የሚሉኝ የጎፋ ደንበኞች አሉኝ። መልሴ ካላ ሊሊ ናት። እርጥበት ትወዳለች፤ ከሥሯ እየታደሰች ለዓመታት ትኖራለች። የዕፅዋት ተመራማሪው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ኤቲዮፒካ» ብሎ ቢሰይማትም ትውልዷ ደቡባዊ አፍሪካ ነው፤ እዚያ የጸደይ አበባ ናት።

ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ወፍራም ሥሯን ቡቃያውን ወደ ላይ አድርጋችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ከብስባሽ ጋር ቅበሩት። በጋ ውሃ አትንፈጓት። ቅጠሏ ቢደርቅ እንኳ ነቅላችሁ አትጣሏት፤ ዝናብ ሲመጣ መልሳ ታቆጠቁጣለች።

ነጩ፣ ሁሉም አበባ የሚለው፣ በእርግጥ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች መሐል ባለው ቢጫ ዘንግ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅኖች ናቸው።

ጭማቂዋ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። እባካችሁ፣ ሕፃናት ከሚጫወቱበት አርቃችሁ ትከሏት።