የቸርኬ እጥበት በቀይ አፈር አገር

መስከረም ሲጋመስ የሃዲያው ያሆዴና የከምባታው መሳላ በዓላት ይደርሳሉ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖረው የአካባቢው ተወላጅም ወደ ቤተሰቡ ይጎርፋል። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሆሳዕና የሚያደርሰው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አስፋልት ነው። ፈተናው የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ዘመድ ደጅ ሲታጠፍ ነው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መሬቱ ቀይ ጭቃ ነው። በዓሉ አልፎ መኪናው ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ላይ ላቫጆ ይገባል። አካሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ ቸርኬውም ከፊት ለፊት ሲያዩት ንጹሕ ነው። ወደ አዲስ አበባ መልስ ሲሆን ግን፣ ፍጥነቱ 80 ሲደርስ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ሹፌሩ ባላንስ ጠፍቷል ብሎ ጎሚስታ ጋ ይቆማል። እውነቱን ነው፣ ባላንሱ ጠፍቷል፤ ያጠፋው ግን ብዙ ጊዜ በቸርኬው የውስጥ ገጽ፣ በፍሬኑ በኩል ባለው ጎድጓዳ ላይ ተጋግሮ የደረቀ ጭቃ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ ጎማው በሰከንድ 11 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከመሐሉ 18 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተጣበቀ 50 ግራም ጭቃ በዚህ ፍጥነት ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚስበው 4 ኪሎ ተኩል በሚጠጋ ጉልበት ነው፤ በየዙሩም የመሳቡ አቅጣጫ ይቀያየራል። መሪውን የሚያንቀጠቅጠው፣ ኩሽኔታውንም ቀስ በቀስ የሚበላው ይህ ነው። ስለዚህ እጥበቱ ከጀርባ ይጀምር። ጎማው ወደ አንድ ወገን ተጠምዝዞ ውሃው ከውስጥ በኩል ይረጭ፣ ረጅም እጀታ ያለው ለስላሳ ብሩሽ ይግባ፣ ከዚያም መኪናው ትንሽ ወደፊት ተነቅንቆ ያልታየው ክፍል ይታይ።

ጭቃው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ አስተጣጠቡን ይወስናል። የእነዚህ ከፍታ ቦታዎች ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። የሸክላው ቅንጣት ከ2 ሺኛ ሚሊ ሜትር ያነሰች ስለሆነች በየስንጥቁ ትገባለች፤ ስትደርቅም ተጨማድዳ ትጣበቃለች። ሸክላው ለብቻው ቢሆን ያን ያህል አይጎዳም ነበር። ነገር ግን አሸዋ አብሮት አለ፤ አገሩ በስምጥ ሸለቆው ዳር ስለሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብናኝም አይጠፋም። ኳርትዝ የተባለው የአሸዋ ማዕድን በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፤ ይህም ብርጭቆን ይጭራል ማለት ነው። የቸርኬው የላይኛው ግልጽ ቫርኒሽ ደግሞ ከብርጭቆ በጣም የለሰለሰ ነው። በደረቅ ጨርቅ ወይም ውሃ ሳይጠጣ በስፖንጅ የተፈተገ ቸርኬ ሁሉ ይጫራል፤ በጭረቱም እርጥበት ይገባል። አስቀድሞ በብዙ ውሃ ማራስ፣ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ከዚያ በሳሙና ማሸት ነው መፍትሔው። የቸርኬው ባልዲና ስፖንጅ ከአካሉ የተለየ ይሁን፤ ጎማ የታጠበበት ስፖንጅ ቀለሙ ላይ ከወጣ አሸዋውን ይዞት ይወጣል።

ከሆሳዕና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ሸለቆ ቁልቁል የወረደ መኪና ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍሬን የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። 2.5 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ከ80 ወደ ዜሮ አንድ ጊዜ ሲቆም 617 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወጣል። ይህ ሙቀት 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሆሳዕና ላይ ለማፍላት ይበቃል፤ ከተማዋ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ዲስኩ በመቶዎች ዲግሪ ይግላል። በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ብረቱ እኩል ስለማይኮማተር ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሳሙናውም ቸርኬው ላይ ወዲያው ደርቆ ምልክት ይተዋል። ኬሚካል ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ብዙ የኬሚካል ምላሾች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነታቸው በግምት እጥፍ ይሆናል። የእጅ ጀርባ ወደ ቸርኬው ሲጠጋ ሙቀት ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። ላቫጆው ወረፋ ቢኖረውም ይጠበቅ።

በፊት ቸርኬዎች ላይ የሚታየው ጥቁር ቡናማ ብናኝ ጭቃ አይደለም። ከፍሬን ሸራውና ከዲስኩ እየተፋቀ የሚወጣ ብረት፣ ግራፋይትና ሙጫ ነው። ቅንጣቶቹ ትኩስ ሆነው ስለሚበሩ ቫርኒሹ ላይ ይሰካሉ፤ እርጥበት ሲያገኙ ዝገው ሥር ይሰዳሉ። በየሳምንቱ በሳሙና የሚነሳው ብናኝ ለወራት ከተተወ በሳሙና አይነሳም። ብረትን ብቻ የሚያሟሙ፣ ሲሠሩ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያሳዩ ፈሳሾች አሉ። ሽታቸው መጥፎ፣ ዋጋቸውም ውድ ነው፤ ቫርኒሹ ደህና በሆነ ቸርኬ ላይ ግን ይሠራሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህን ብናኝ በኮምፕሬሰር ነፋስ የሚያስወግዱት ወጣቶች ጉዳይ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የፍሬን ሸራ በአስቤስቶስ ይሠራ ነበር። ሙቀት የሚችል ርካሽ ጭረት ማዕድን ነው፤ ጭረቱ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ካንሰር እንደሚያስከትልም በእርግጠኝነት ታውቋል። በሽታው ከ20 እስከ 40 ዓመት ዘግይቶ ስለሚመጣ ዛሬ የነፋው ወጣት ዛሬ ምንም አይሰማውም። የአውሮፓ ኅብረት አስቤስቶስን በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከልክሏል፤ ሆኖም አሮጌ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ሸራ ምን እንደያዘ በዓይን ማወቅ አይቻልም። አስቤስቶስ የሌለበት የብረት ብናኝም ቢሆን ለሳንባ ደግ አይደለም። ታምቡር ሲከፈትም ሆነ ቸርኬ ሲጸዳ ብናኙ በውሃ ይራስና በጨርቅ ይጠረግ። በነፋስ አይነፋ፣ በደረቁም አይጠረግ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ማጽጃ ጠርሙሶቹ እንምጣ፤ ቸርኬ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። አሉሚኒየም አየር እንደነካው በራሱ ላይ ጥቂት ናኖ ሜትር የሚሆን የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቫርኒሹ ቢላጥም ብረቱን ከመበላት የሚጠብቀው ይህ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ የሚጸናው የፈሳሹ ፒኤች በግምት ከ4 እስከ 8.5 ባለው ክልል ሲሆን ነው። ከዚያ በታች አሲድ ያሟሟዋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አልካሊ። የባትሪ አሲድ በአንደኛው ጫፍ፣ ኮስቲክ ሶዳና በረኪና በሌላኛው ጫፍ ናቸው። የልብስ ዱቄት ሳሙና እንኳ ሲበጠበጥ ፒኤቹ ወደ 10 ስለሚጠጋ ቸርኬ ላይ እንዲደርቅ መተው የለበትም። ኮስቲክ ሶዳ የነካው አሉሚኒየም ሲንሿሿና አረፋ ሲያወጣ አጣቢው ቆሻሻው እየተነሳ ይመስለዋል። አረፋው ግን ሃይድሮጅን ጋዝ ነው፤ እየሟሟ ያለው ቸርኬው ራሱ ነው። በማግስቱ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጠቃጠቆ ይወጣል፤ እሱን የሚመልስ ሳሙና የለም።

በረኪና ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ1915 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ላይ በጦር መሣሪያነት የተለቀቀው ጋዝ ይኸው ነው። ሁለቱን በአንድ ባልዲ ማገናኘት ፈጽሞ ክልክል ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። በአንዳንድ ኃይለኛ የቸርኬ ማጽጃዎች ውስጥ እሱ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ የሚባለው ዘመዱ ይገኛል። ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ ስስ ከሆነ፣ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። እስከዚያ ፍሎራይዱ ሥጋ ውስጥ ሰርጎ የደምንና የአጥንትን ካልሲየም ይይዛል። መጠኑ ከበዛ የልብ ምት ያቃውሳል። የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ሕመሙን ሳይጠብቅ፣ ጠርሙሱን ይዞ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሐኪሙ ካልሲየም ግሉኮኔት የሚባለውን መድኃኒት እንዲያዝ የሚያውቀው ጠርሙሱን ሲያይ ነው። ጽሑፍ የሌለው፣ በውሃ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጥ ማጽጃ ምን እንደያዘ አይታወቅም፤ አይገዛ። ላርጎ ወይም ሌላ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃና ብሩሽ በየሳምንቱ ከሠሩ እነዚህ ሁሉ አያስፈልጉም። ለብረት ቸርኬና ለጎማው ጥርስ የእንሰት ቃጫም በቂ ማሻሻ ነው፤ ለአሉሚኒየሙ ግን ይሻክራል።

ቸርኬው ታጥቦ በደንብ ሲደርቅ የመኪና ሰም ቢቀባ ብናኙ በቀላሉ አይጣበቅም። የንብ ሰም በአገራችን ሞልቷልና እሱን ለመጠቀም የሚያስቡ ይኖራሉ። የሚቀልጠው ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፍሬን አጠገብ አይቆይም። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም እስከ 82 ዲግሪ ይችላል።

የጎማው ላስቲክ ላይ ናፍጣ መርጨት ለጊዜው ያጠቁረዋል። ናፍጣ ግን ላስቲክን ያሳብጣል፣ ከፀሐይና ከኦዞን የሚከላከሉትን ቅመሞች ያጥባል፣ ወደ ፍሬኑ ከተፈናጠረም የመያዝ ኃይሉን ይቀንሳል። ጎማ ቡናማ ሲመስል ብዙ ጊዜ የቆሸሸ አይደለም። መከላከያው ቅመም ወደ ላይ ወጥቶ ሥራውን እየሠራ ነው። አጣቢው እዚያው ቁጢጥ ብሎ እያለ የጎማውን ጎን ቢያነብ ይበጃል፤ በሞላላ ክበብ ውስጥ 2319 የሚል ቢያገኝ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። የውሃ ግፊቱ ጫፍም ከጎማው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ባጃጅ ላይ ደግሞ ግፊቱን ወደ ታምቡሩና ወደ ኩሽኔታው ማነጣጠር ግራሶውን ያወጣዋል።

የብረት ቸርኬ ዝገቱ ተፍቆ ብርማ ቀለም ሲቀባ ያምራል። ቀለሙ ግን ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገጥምበትን ገጽና የዳዶ መቀመጫውን መሸፈን የለበትም። ጎማን የሚይዘው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው የመጨመቅ ኃይል ነው። በመካከላቸው ወፍራም ቀለም ካለ በሙቀትና በንዝረት ይደቅቃል፤ ያኔ ጭምቀቱ ይላላል፣ ዳዶውም ይፈታል። የቡሎኑን ጥርስ ዘይት መቀባትም ደግ አይደለም፤ በተለመደው ጉልበት ሲጠበቅ ቡሎኑ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ከዳዶው ሥር የሚወርድ የዝገት መስመር ካለ ዳዶው እየላላ ለመሆኑ ምልክት ነውና ሳይታጠብ በፊት ይታይ። ተፈትቶ የተገጠመ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶው እንደገና ይፈተሽ፤ ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ወራቤ ላይ ማለት ነው።

የታጠበው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። ከሃዲያና ከከምባታ ከፍታዎች የሚወርደው ውሃ ከፊሉ በምዕራብ ወደ ኦሞ፣ ከፊሉ በምሥራቅ በብላቴ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይፈሳል። በመንገዱም ሰውና ከብት ይጠጣዋል። በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የነበሩ ተመራማሪዎች የሳልመን ዓሦችን በጅምላ የሚገድለው ከጎማ መከላከያ ቅመም የሚፈጠር ኬሚካል መሆኑን አረጋግጠዋል። ላቫጆ ከቦይ ጋር በቀጥታ መገናኘት የለበትም። ሁለት ተከታታይ ጉድጓዶች ብዙውን ሥራ ይሠራሉ፤ በመጀመሪያው አሸዋውና የብረት ብናኙ ይዘቅጣል፣ ናፍጣና ዘይቱ ይንሳፈፋል፤ ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ቱቦ አፉ ከዘይቱ በታች፣ ከዝቃጩም በላይ ይቀመጣል።